በዶካ ኬላ የተነበበው ጽሑፌ

ከጎንደር የተነሣሁት በኅዳር ወር፣ ሰኞ ጠዋት ነው። የአውቶብሱ ረዳት ወዴት እንደምሄድ ሲጠይቀኝ "ገዳሪፍ፣ ለድረ ገጽ ሥራ" አልኩት። "ለምን?" ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ። አልፈረድኩበትም።

ሥራዬ ለነጋዴዎች ድረ ገጽ ጽሑፍ ማዘጋጀት ነው። ጋሽ እንድሪስ በድርቁ ዘመን፣ ገና ወጣት ሳሉ፣ ከአርማጭሆ ወደ ሱዳን ተሰደው እዚያው ገዳሪፍ የቀሩ ሰው ናቸው። አንድ የእንግዳ ማረፊያና ሁለት ሚኒባሶች አሏቸው። ሰው ኢንተርኔት ላይ "ወደ ገዳሪፍ ጉዞ" ብሎ ሲፈልግ የእሳቸው ገጽ ቀድሞ እንዲወጣ ነበር የቀጠሩኝ። ለዚህ ደግሞ ተጓዦች የሚጠይቁትን ነገር ሁሉ ድረ ገጹ ላይ ቶሎ ቶሎ መጻፍ ያስፈልጋል። ስምንት ወር ሙሉ ጎንደር ቁጭ ብዬ፣ ገዳሪፍን በዓይኔ ሳላይ፣ ስለ ገዳሪፍ ጻፍኩ። ከአንዱ ገጽ ጥቂት፣ ከሌላው ጥቂት ወስጄ ቃሉን እቀያይር ነበር። "ያለ ችግር ገዳሪፍ ለመድረስ" የሚለው ጽሑፌ በፍለጋ አንደኛ ሆኖ ከረመ። ከዚያ ሌላ ማረፊያ ቀደመን።

"ልጄ፣ የእነሱ ገጽ ፎቶ አለው፣ የመንገደኛ ቃል አለው" አሉኝ ጋሽ እንድሪስ ደውለው። "አንቺም ነይና መንገዱን አይተሽ ጻፊ።"

ወደ ቆላው

ከአይከል በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሰውም ጋቢውን እያወለቀ ማጣጠፍ ይጀምራል። ከኋላ ወንበር የሰሊጥ አጫጆች ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። ገንዳ ውሃ ከተማ ምሳ በላን፤ ሽሮው ጨው በዝቶበት ነበር፣ ውሃው ግን ቀዝቃዛ ነው። መተማ ዮሐንስ አደርኩና በማግስቱ ጠዋት ድልድዩን በእግሬ ተሻግሬ በሱዳን በኩል ያለችው ጋላባት ገባሁ። ፓስፖርቴ ላይ ማኅተም ተመታልኝ፤ የማየውን ሁሉ በደብተሬ እየጻፍኩ የገዳሪፍ አውቶብስ ላይ ወጣሁ።

ከአጠገቤ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ተቀመጠች። እናንዬ ትባላለች፤ ከመተማ ገጠር ነው የመጣችው። ባሏ ለአጨዳ ተሻግሮ ሳለ ከትራክተር ላይ ወድቆ ገዳሪፍ ሆስፒታል ተኝቷል።

"ዳሌው ነው አሉኝ። ከሞተም ደብቀውኝ ይሆናል" አለችና ከፌስታል ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። "ገንዳ ውሃ ኮምፒውተር ቤት አሳትመው የሰጡኝ ነው። እስቲ አንብቢልኝ፣ እህቴ። የተሳሳትኩት ነገር እንዳይኖር።"

ገና ርእሱን ሳይ ጽሑፌን አወቅኩት። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ። ሰው አሳትሞ የሚይዘው ነገር ጽፌያለሁ አልኩ በልቤ። እያነበብኩላት ሄድኩና አንድ መስመር ላይ ድምፄ ቀነሰ፤ "ከጋላባት የሚሰጠው የድንበር ወረቀት እስከ ገዳሪፍ ያደርሳል" ይላል። ይህን ከየት እንዳመጣሁት ማስታወስ አልቻልኩም።

"እሱን ይዣለሁ" አለች እናንዬ፣ ወረቀቷን ደረቷ ላይ እየነካች።

ዶካ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት

ግራና ቀኙ የታጨደ ሰሊጥ ነው፤ ነዶው ቆሞ ይደርቃል። ዶካን እንዳለፍን አውቶብሱ ኬላ ላይ ቆመ። አንድ ፖሊስ ወጥቶ ከወንበር ወንበር "ተስሪሕ፣ ተስሪሕ" እያለ የመተላለፊያ ፈቃድ ይመለከት ጀመር። እናንዬ የድንበር ወረቀቷን ሰጠችው። አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

አማርኛ የሚችለው የአውቶብሱ ረዳት አስተረጎመ። "ይሄ ለጋላባት ገበያ ብቻ ነው ይልሻል። የገዳሪፍ ተስሪሕ ሌላ ነው። ውረጂ።"

"ኧረ ተጽፏል! ይኸው!" እናንዬ የታተመውን ወረቀት ዘረጋችለት። ፖሊሱ ምን እንደሚል ጠየቀ። ረዳቱ ያቺን መስመር ጮክ ብሎ አንብቦ ተረጎመለት፤ አውቶብሱ ሙሉ ሰማ።

"ማን ነው የጻፈው?" አለ ፖሊሱ።

"ከኢንተርኔት ነው።"

"እንግዲያው ኢንተርኔቱን ጥሩትና ያሳልፋት።"

አንዳንዱ ሳቀ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። እናንዬ ፌስታሏን አንሥታ ስትወርድ አየሁ፤ ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሣም ሰማሁ። የእኔ ፓስፖርት ሙሉ ነው፤ ዝም ብል ማንም አያውቅም። አውቶብሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር "አቁሙ!" ብዬ ጮህኩ።

ወርጄ ለረዳቱ "ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ በለው" አልኩት።

"ዝም በይ፣ አንቺንም ያስቀሩሻል!"

"ንገረው።"

ነገረው። ፖሊሱ ለረጅም ጊዜ አየኝ፤ ፓስፖርቴን ተቀብሎ ወደ ቢሮው ገባ። አውቶብሱ ሻንጣዬን አውርዶልኝ ሄደ። ሁለታችን የሣር ዳስ ሥር ቀረን። ጋሽ እንድሪስ ጋ ደወልኩ። "እመጣለሁ፣ ምንም አትናገሪ" ብለው ዘጉት።

የሆነው ነገር እናንዬን የገባት ቆይቶ ነው።

"አይተሽው ነው የጻፍሽው?"

"አላየሁም።"

"ታዲያ ለምን ጻፍሽ?"

ጽሑፉ ረዘም እንዲል ነው፣ ረዘም ያለ ጽሑፍ በፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል ብዬ ነው ልላት አፈርኩ። እሷም ፊቷን አዞረች። ፓስፖርቴ ይመለስልኝ አይመለስልኝ ሳላውቅ፣ በዚያ ሙቀት አራት ሰዓት ያህል ተቀመጥን።

ጋሽ እንድሪስ ሲመጡ ረጅም ነጭ ጀለቢያቸው በአቧራ ቀልቶ ነበር። ከፖሊሱ ጋር በዐረብኛ ብዙ ተነጋገሩ። ፓስፖርቴ ተመለሰ። እናንዬን ግን ማሳለፍ አይቻልም፤ ጋላባት ተመልሳ ትክክለኛውን ፈቃድ ማውጣት አለባት። ጋሽ እንድሪስም የዋስትና ደብዳቤ ጻፉላት።

"አንቺ ከእኔ ጋር ነይ፣ ሥራ አለን" አሉኝ።

"ከእሷ ጋር ነው የምመለሰው።"

ተቆጡ፤ ግን አልከለከሉኝም።

ገዳሪፍ

በማግስቱ ረፋድ ላይ ፈቃዱ ወጣ። በዚያው ኬላ፣ በዚያው ፖሊስ ፊት አለፍን፤ ከሩቅ የገዳሪፍ የእህል ጎተራ ሲታየን እናንዬ አማተበች። በቀጥታ ሆስፒታል ሄድን። በተነገረን አልጋ ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። ባሏን በዚያው ዕለት ጠዋት ለቀዶ ጥገና ራቅ ወዳለችው የመደኒ ከተማ ወስደውታል። ፈቃዷ ደግሞ የሚለው እስከ ገዳሪፍ ነው።

እናንዬ መሬት ላይ ተቀመጠች። "ትናንት ብደርስ አገኘው ነበር" አለች። ለእኔ አልነበረም የተናገረችው፤ ለእኔ ብትናገረው ይቀለኝ ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ ያገኘነው የባሏ የሥራ ጓደኛ፣ አብሮት ወደ መደኒ የሄደው አስታማሚ ጋ ደውሎ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገላት። የባሏን ድምፅ ስትሰማ አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ እንድሪስ የመደኒ ፈቃድ አስወጥተው በራሳቸው ሚኒባስ ሰደዷት። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን እኔና እሳቸው ቢሮ ውስጥ ተጨቃጭቀን ነበር። ጽሑፎቹን ሁሉ ላጥፋ አልኩ።

"እንግዳ የሚያመጣልን እኮ እሱ ነው! አንዷን መስመር አስተካክዪና ተዪው።"

"ከቀረው የትኛው እውነት እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ ጋሽ እንድሪስ።"

በፊታቸው ያለውን ፉል ገፉት።

"በዚያ ድርቅ ስንመጣ" አሉ በመጨረሻ፣ "መንገድ ላይ አንድ ሰው ከኮረብታው ወዲያ ውሃ አለ አለን። ክፉ ሰው አልነበረም። ሰምቶ ነው። አመንነው፣ ሄድን። ውሃ አልነበረም። ታናሽ እህቴን እዚያ ነው የቀበርናት።"

ከዚያ ኮምፒውተሩን በእጃቸው አመለከቱኝ። "አጥፊው።"

ሁሉንም አጠፋሁ። በቀሩት ቀናት የፈቃድ ቢሮ በር ላይ፣ አውቶብስ ተራ፣ ሆስፒታል ደጃፍ እየቆምኩ ስጠይቅ ዋልኩ። የጻፍኩት ስድስት አጫጭር ጽሑፎች ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ላይ ማን እንደነገረኝና በየትኛው ቀን እንዳረጋገጥኩ አሰፈርኩ።

መመለስ

በቀጣዩ ሳምንት እሑድ ማታ ጎንደር ገባሁ። በሳምንቱ ድረ ገጻችን በፍለጋ ከመጀመሪያው ገጽ ወርዶ ሦስተኛው ላይ ተገኘ። ጋሽ እንድሪስ በየቀኑ እየደወሉ "ዛሬስ?" ይሉኛል፤ "እዚያው ነው" እላቸዋለሁ። የእናንዬ ባል በጥር ወር በምርኩዝ ወደ አገሩ ተመለሰ። ድረ ገጹ ወደ ላይ መውጣት የጀመረው ከክረምቱ በኋላ ነው፤ አሁን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለተኛ ነን።

ሰው ሲፈልግ የሚጽፋት ቃል አጭር ናት፤ ከጀርባዋ ግን ሆስፒታል የተኛ ሰው ሊኖር ይችላል። ይህን ከዶካ በፊት አላውቅም ነበር። ከሁሉ ያስቸገረኝ ጽሑፍ የቅርቡ ነው፤ ስለ አዲስ የፈቃድ አሠራር ሰው ሁሉ ይጠይቀናል፣ ሌሎቹ ገጾችም መልስ ሰጥተውበታል። እኔ ደግሞ ሦስት ቦታ ጠይቄ ሦስት የተለያየ ነገር ነው የሰማሁት። ጽሑፉ እንዲረዝም ብዙ ማለት እችል ነበር። "ይህን ገና አላወቅንም፤ እስክናረጋግጥ ድረስ በዚህ ገጽ ተማምናችሁ ከቤት አትውጡ" ብዬ ጻፍኩና ዘጋሁት።