ከዎትጄ የሄደ ነጭ ጠጠር

ላጆራ ሰባ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ዋሽቶ አያውቅም ነበር። በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው በዎትጄ ደሴት ይህን የማያውቅ የለም፤ በመሬት የተጣሉ ወንድማማቾች እንኳ ድንበራቸውን የሚጠይቁት እሱን ነበር።

አባቱን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጃፓኖች ምሽግ ሊያስቆፍሩት ቦክላን ወደምትባል ደሴት ወሰዱት፤ እዚያው በቦምብ ሞተ። አብሮት የነበረ ሰው ከምሽጉ በስተግራ እንደቀበረው ተናግሯል። ነገር ግን በዎትጄ ልማድ፣ በስድስተኛው ቀን ዘመዶቹ ከአገሩ ባሕር ዳርቻ የተለቀመ ነጭ ጠጠር መቃብሩ ላይ ያላነጠፉለት ሰው ቀብሩ አላለቀም። የላጆራ ታላቅ እህት ሊኬሚ ስድሳ ዓመት ሙሉ «አባባ እስካሁን አልተቀበረም» እንዳለች ኖረች።

ቦክላን ዛሬ የወፎች መጠበቂያ ነው፤ ያለ ፈቃድ አይረገጥም። ላጆራ ሦስት ዓመት ደጅ ጠንቶ ተፈቀደለት። ሊኬሚ ዓይኗ ፈዟልና ጠጠሩን በእጇ እየዳሰሰች ለቀመች፤ አጥባ በዘንቢል ሞላችለት።

«አንዷን እንኳ መልሰህ እንዳታመጣ» አለችው።

ከባለጀልባው ጋር ቦክላን ሲደርሱ ጠባቂው ቶማጅ ዘንቢሉን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«አባባ፣ ይሄ አይገባም። ከውጭ የመጣ ድንጋይ ክልክል ነው። ጉንዳን ሊኖርበት ይችላል፤ ጉንዳን ደግሞ ጫጩት ይፈጃል።»

«እህቴ ሦስት ጊዜ አጥባዋለች። ጉንዳን ቢኖርበትም ሰምጦ ሞቷል።»

ባለጀልባው ሳቀ። ቶማጅ አልሳቀም።

«ከዚሁ ዳርቻ ይልቀሙ፤ እኔም አግዝዎታለሁ።»

«የሰው አገር ጠጠር ላልብሰው? ልጅ እንደሌለው?»

ዘንቢሉን ጀልባዋ ላይ ትቶ ባዶ እጁን ወረደ። ከምሽጉ በስተቀኝ የጃፓን ወታደሮች ስም የተቀረጸበት የተወለወለ ጥቁር ድንጋይ ቆሟል።

«ይሄስ የዚህ አገር ድንጋይ ነው?»

ቶማጅ አቀረቀረ። «ደንቡ ሳይወጣ ነው የመጣው።»

«አባቴም ደንቡ ሳይወጣ ነው የመጣው።»

በስተግራ ያለው፣ አባቱ የተቀበረበት መሬት በገመድ ታጥሯል፤ ወፎች እንቁላላቸውን ታቅፈው ተኝተውበታል። ላጆራ ባርኔጣውን አውልቆ ገመዱ ጋ ቆመ። አንዷ ወፍ ዓይኗን ገልጣ አየችውና መልሳ ከደነች።

ሲመለሱ ከጀልባዋ ጠርዝ ተቀምጦ ጠጠሩን አንድ በአንድ ወደ ባሕር ጣለ።

«ባንዴ አይደፉትም እንዴ?» አለው ባለጀልባው።

«እሷ አንድ በአንድ ነው የለቀመችው።»

ሊኬሚ ባሕሩ ዳር ጠበቀችው። ዘንቢሉን ተቀብላ እጇን አስገብታ እስከ ታች ዳሰሰች።

«አነጠፍክለት?»

«አነጠፍኩለት፣ እትዬ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

እዚያው አሸዋው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት። በማግስቱ ዓሣ ተጠበሰ፣ የዳቦ ፍሬ ከዛፉ ወርዶ ተጋገረ፣ ጎረቤት ተጠራ። አንድም ሰው አልተጠራጠረም፤ ያለው ላጆራ ነዋ! እሱ ግን ከምግቡ አልቀመሰም።

ሳምንት ሳይሞላ ሁለት ወንድማማቾች ድንበራቸውን እንዲነግራቸው መጡ።

«ሌላ ሰው ጠይቁ» አላቸውና ፊቱን አዞረ።