መዳፉ የሚያርፍበት ክዳን

አያቴ ጨፋ ሜዳ ላይ ሽንኩርታችንን የምናጠጣበትን አሮጌ የውሃ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት፣ መዳፉን የቤንዚኑ ክዳን ላይ አሳርፎ «ቢስሚላህ» ይል ነበር። ገመዱን አንዴ ሲስበው ይነሳለታል። ጎረቤቶቻችን «እጁ በረካ አለው» ይሉ ነበር።

አላህ ይዘንለትና፣ እሱ ከሞተ ወዲህ እኔም መዳፌን አሳርፌ ቢስሚላህ እላለሁ፤ ሞተሩ ግን ትንሽ ያጉረመርምና ይጠፋል። ሽንኩርቱ መጠውለግ ጀምሯል።

ዛሬ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትቼ ሳየው ደረቅ ነው፤ ቤንዚን አይደርሰውም ማለት ነው። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ክዳኑን ሳላላው አየር ፉሽ ብሎ ገባ። የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኗል፤ አየር ካልገባ ደግሞ ቤንዚኑ አይወርድም። ክዳኑን እንደላላ ትቼ ገመዱን ብስበው ወዲያው ተነሳ።

ለካ አያቴ ቢስሚላህ እያለ ክዳኑን በመዳፉ ያላላው ኖሯል።

«አባባ፣ ለምን አልነገርከኝም?» ልለው ይቀመጥበት ወደነበረው ድንጋይ ዞርኩ፤ ባዶውን ነው።