የካፒቴኗ ፊት

ሰውዬው ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጓዳ ገብቶ የማይነገር ነገር አይቷል፤ መብራት በጠፋበት ሰሞን ውስጡ የተረሳ ሥጋ፣ ከበሩ ጎማ ሥር የበቀለ ጥቁር ሻጋታ፣ ሞተሩ ላይ ደርቃ የቀረች አይጥ። ባለቤቶቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሲሸሹ እሱ እጅጌውን ሰብስቦ ይገባል። «የሚሸት ነገር ይታጠባል» ባይ ነው። ሆዱ ተገልብጦ አያውቅም ነበር።

የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። እናትና አባታቸው ቀድመው ስላለፉ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ጎልማሳ ሆኖም «እትዬ» እያለ ነው የሚጠራት። እህቱ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት። ድምፅዋ ጎርነን ያለ፣ የፊት ጥርሷ ፍንጭት፣ አገጯ ላይ ደግሞ በልጅነቷ ከደረጃ ወድቃ ያተረፈችው ጠባሳ አለ። ቆንጆ ነሽ የሚላት ሰው ብዙ አልነበረም፤ እሷም ጉዳይዋ አልነበረም።

ሁለቱ ከሥራ መልስ የማያልፋቸው አንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ነበር። ከፕላኔት ፕላኔት ዕቃ ስለምታመላልስ አንዲት ያረጀች መንኮራኩር የሚተርክ ነው። መንኮራኩሯ በየፊልሙ ክፍል ትበላሻለች፤ ጠጋኙ የወደዳትም ለዚሁ ነው። ታዲያ ታሪኩ ጦፎ፣ ካፒቴኑ ሞቶ መንኮራኩሯ ያለ መሪ ስትንሳፈፍ ሳለ፣ ጣቢያው ፊልሙን አቋረጠው። ማብራሪያ የለ፣ ይቅርታ የለ።

እህቱ ሪሞቱን ሶፋው ላይ ወረወረችው። «ሰውን እንዲህ መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ አለ እንዴ? እኔ ተሳፋሪ ላይ እንዲህ ባደርግ መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል።»

እሱ እርሳስ አነሳ። ታሪኩን ከቆመበት ቀጥሎ በኮሚክ ይስለው ጀመር። በሞተው ካፒቴን ቦታ አንዲት ሴት ካፒቴን አስቀመጠ። እህቱ የመጀመሪያውን ገጽ ስታይ ፍንጭቱም፣ ጠባሳውም፣ ስትናደድ የሚሰበሰበው ግንባሯም ቁጭ ብሏል።

«ይሄን አፍንጫዬን ጠፈር ድረስ ወሰድከው?»

«ሌላ መንዳት የሚችል ሰው አላውቅማ፣ እትዬ።»

ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ገጽ በጨረሰ ቁጥር ቀድማ የምታየው እሷ ሆነች። «እንዲህ ያለ መታጠፊያ ላይ ነዳጅ አይሰጥም» እያለች ታርመዋለች።

በከተማው የሳይንሳዊ ልብ ወለድ አፍቃሪዎች ማኅበር አለ። አባላቱ በአንድ ሲኒማ ቤት ምድር ቤት እየተሰበሰቡ ፊልም ያያሉ፣ ኮሚክ ይዋዋሳሉ፣ ከካርቶንና ከፕላስቲክ የጠፈር ልብስ ይሠራሉ። ላብና ማጣበቂያ የሚሸት፣ ምንጣፉ ላይ ፈንዲሻ የተረጋገጠበት ክፍል ነው፤ ጠጋኙ ግን ገና በሩን ሲከፍት ልቡ ይሞቅ ነበር። ኮሚኩን ይዞላቸው ሲመጣ አበዱለት። አንዲት የሒሳብ አስተማሪ የካፒቴኗን ዩኒፎርም ሰፍታ ለበሰች፤ አልበቃ ብሏት ስለ ካፒቴኗ በስልኳ አጭር ፊልም ሠራች።

ማኅበሩ በየዓመቱ ትልቅ ዐውደ ርእይ ያዘጋጃል። ከአባላቱ አንዱ፣ ማተሚያ ቤት ያለው ሰው፣ «ሥዕሎችህን ስጠኝ፤ ባማረ ወረቀት አትሜ ላድርስልህ» አለው። ይሄ ሰው ወረቀት በገለጠ ቁጥር አውራ ጣቱን የሚልስ ነው። ጠጋኙ ዋናዎቹን ሥዕሎች ጠቅልሎ፣ እንደ እንቁላል ተሸክሞ አደረሰለት።

የዐውደ ርእዩ ዕለት ኮሚኩ እውነትም ባማረ ወረቀት ታትሞ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። ሰዉ ግን ወደዚያ አይሄድም። ጥጉ ላይ አንድ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ወንድ ወንዱ ተሰልፏል። የሚወጡት የተጠቀለለ ወረቀት ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ እየተጎሻሸሙ ይንከተከታሉ። ጠጋኙ ምን ይሆን ብሎ መጋረጃውን ገለጠ።

ፊቱ የእህቱ ነው። ጥርሱ ያው፣ ጠባሳው ያው፣ የግንባሩ መስመር ሳይቀር ከሱ እርሳስ የወጣ። ከአንገት በታች ያለው ግን በኮምፒውተር የተቀጠለ ራቁት ገላ ነበር። የተጋደመበትን ሁኔታ መናገር አፍ ማቆሸሽ ነው። ባለ ማተሚያ ቤቱ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ያድላል፤ አውራ ጣቱን ላስ፣ አንድ ወረቀት፤ ላስ፣ አንድ ወረቀት።

«ኦ! አባቷ መጣ!» አለ ጠጋኙን ሲያየው። «ካፒቴንህ ዛሬ አገሩን አሳበደችው እኮ።»

ፕላስቲክ ጭንብል ያጠለቀ አንድ ሰው ከጎኑ ሳቀ፤ ከጭንብሉ ቀዳዳ የታመቀ ትንፋሽ ጠጋኙ ፊት ላይ ዘነበ። ጠጋኙ ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጠ። ስንት የበሰበሰ ሥጋ ችሎ የኖረ ሆድ እዚያ ተገለበጠ።

አፉን ጠርጎ ወደ ማኅበሩ ሰብሳቢ ሄደ። ሰብሳቢው የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሲያወራ የሰው ዐይን ትቶ ጥርስ የሚያይ።

«ፊቱ የእህቴ ነው። ያ ሰው ሥዕሉን ያስወግድ።»

«ኧረ አታካብድ! ሥዕል ነው። ደግሞስ አንተ ራስህ የሰው ፊልም አይደል ወስደህ የቀጠልከው? አንተ ስትወስድ ፍቅር፣ እሱ ሲወስድ ነውር?»

ጠጋኙ ዞሮ ወጣ። መልሱ የመጣለት ወደ ቤት በሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ «እኔ የወሰድኩትን ጠገንኩት» ሊለው ይገባ ነበር። ግን ማን ይሰማዋል? አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ብቻውን ሲያጉረመርም አይተው ቦታ ቀየሩ።

ለእህቱ አልነገራትም። ነገሩ ግን እግር ነበረው። አንድ ቀን አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ግቢ ሻይ ክፍል ስትገባ ጨዋታው ቀጥ አለ። ግድግዳው ላይ ራሷን አየችው። ገንጥላ፣ አጣጥፋ፣ ቤት ይዛው መጣችና ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋችው።

«አንተ ነህ?»

«ከአንገት በላይ ያለው የእኔ ነው። ሌላው አይደለም፣ እትዬ።»

ተነስታ እጇን ታጠበች። ተቀመጠች። እንደገና ተነስታ ታጠበች።

«የሰቀለው የግቢያችን መካኒክ ነው። ‹እንዲህ መሆንሽን መች አወቅን› አለኝ። ከሱ ጋር እኮ ከአንድ ብርጭቆ ሻይ ተካፍያለሁ!»

«እገለዋለሁ። ያንን ባለ ማተሚያም እገለዋለሁ።»

«አርፈህ ተቀመጥ። አንተ የምትፈታው ፍሪጅ ነው፤ ሰው አይደለም። ነገ አብረን እንሄዳለን።»

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ፣ እሷ የሾፌር ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ማተሚያ ቤቱ ገቡ። አንዲት እናት ከልጃቸውና ከእጮኛዋ ጋር የሠርግ ጥሪ ካርድ ይመርጣሉ። እህቱ ተራዋን ጠብቃ ባንኮኒው ላይ ተደገፈች።

«ከሥዕሎቹ አንድ ስጠኝ።»

«የትኞቹ፣ እመቤቴ?»

«እኔ ያለሁባቸው።»

ሰውዬው ጥርሷን አየ፤ ጠባሳዋን አየ፤ ፊቱ አመድ ነፋበት። «በእግዜር... በሕይወት ያለች ሰው መሆኗን አላወቅኩም።»

«ሰው መሆኔን ካላወቅክ ለምን በመጋረጃ ጋረድከኝ?»

የሙሽሪት እናት በእጃቸው የያዙትን ካርድ ቀስ ብለው አስቀመጡና ጣቶቻቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ልጆች፣ ተነሱ። ሌላ ቤት እንሂድ።»

እህቱ ጮኻ አልተናገረችም። የቀረውን በሙሉ አስወጣችው፤ ወረቀት መቁረጫ ማሽኑ ላይ ራሱ እንዲቆራርጠው አዘዘችው። ሰውዬው የመጀመሪያውን እስር ፈታ፤ ልማድ ሆኖበት አውራ ጣቱን ወደ ምላሱ ሰደደ።

«ምራቅህን ፊቴ ላይ እንዳታደርግ!»

ጣቱ አየር ላይ ቀረ። እስኪጨርስ ቆማ አየችው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውንም አስጠፋችው። ጠጋኙ ዋናዎቹን ሥዕሎች ተቀበለ። የሁሉም ጥግ የጣት ቅባት ጠጥቷል።

በቀጣዩ ስብሰባ ሰብሳቢው «ጉዳዩ በመግባባት ተዘግቷል» አለ። ባለ ማተሚያ ቤቱ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ያኔ አስተማሪዋ የካፒቴኗን ጃኬት አውልቃ፣ «መግባባቱ ከማን ጋር ነው?» ብላ ጃኬቱን አንጠልጥላ ወጣች። ጥቂት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ተከተሏት። የቀሩት ያቋረጡትን ፊልም አስቀጠሉ።

የወጡት አሁን የሚሰበሰቡት እህቱ ሳሎን ውስጥ ነው። መካኒኩ ዛሬም ግቢው ውስጥ ይሠራል፤ ሰላም ሲላት መስኮቷን ትዘጋለች። ጠጋኙ ግን ያንን ፊት መሳል አቃተው። እርሳሱ አገጩ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ይገለብጠዋል። «ልተዋት ነው መሰለኝ» አላት አንድ ቀን።

«እኔ ፊቴን መቀየር አልችልም» አለችው እህቱ። «አንተ ከተውካት ደግሞ የነሱ ሆና ትቀራለች።»

ስለዚህ ይስላታል፤ ግን ከጀርባዋ፣ መሪውን እንደጨበጠች። ያ ቆሻሻ አሁንም ከስልክ ስልክ ይዞራል። በቀደም አንድ ደንበኛ ፍሪጁ እየተሠራለት፣ ስልኩን ጠጋኙ አፍንጫ ሥር ዘርግቶ «ይቺን አይተሃታል?» አለው ጥርሱን ገልጦ። ጠጋኙ መፍቻዎቹን ሰብስቦ፣ የፈታውን ሞተር ወለሉ ላይ ትቶ ወጣ። ሰውዬው ደረጃው ላይ እየተከተለ «ምን አጠፋሁ? ኧረ ምን አጠፋሁ?» ይል ነበር።