«ከላይ ነው የተባለው»

በመናኸሪያው ውስጥ ስሟን የሚያውቅ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም «ጣሪያዋ» ነው የሚሏት። ድምጿ የሚወጣው ጣሪያው ላይ ከተሰቀሉት አሥራ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ስለሆነ ነው። ሰውነቷ ግን ከጣሪያ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ቁመቷ ከትኬት መቁረጫው መስኮት እምብዛም የማያልፍ፣ ኮቴዋ የማይሰማ፣ ሰው ሲገፋት እንኳ ይቅርታ የምትጠይቀው እሷው የሆነች ሴት ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ አዳራሹን በመስኮት ቁልቁል እያየች ሰው ከበር ወደ በር ስታዘዋውር ኖራለች።

ማይክሮፎኑ ፊት ስትቀመጥ ሌላ ሰው ትሆናለች። ድምጿ ይወፍራል፣ ይረጋል። «ወደ ሰሜን የምትጓዙ መንገደኞች፣ ወደ በር ሰባት» ስትል ያንቀላፋው ይነቃል፣ የሚበላው ያላመጠውን ሳይውጥ ይነሳል፣ እናት ልጇን ብብቷ ሥር ትሸጉጣለች፤ ሕዝቡ እንደ ውሃ ይፈስሳል። ቤቷ ስትገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። «ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ኑ!» ብላ ሦስት ጊዜ ብትጣራ ብስክሌት ጠጋኙ ባሏ ከያዘው ሰንሰለት ቀና አይልም። የዘጠኝ ዓመት ልጇ «እሺ» ትልና እዚያው ትቀራለች። አማቷ ደግሞ «ምን ያንሾካሹካታል?» ይላሉ።

«እኔ እኮ በቀን ስምንት ሺህ ሰው የማዝዝ ሴት ነኝ!» ትላቸዋለች እየሳቀች።

«ታዲያ ማይክሮፎኑን ይዘሽ ነዋ» ይላታል ባሏ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አንድ ወረቀት ይዞ ወደ ክፍሏ መጣ። ከተሾመ ገና ሦስት ወሩ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ወረቀት ላይ ማኅተም ካየ ቀጥ ብሎ የሚቆም ዓይነት ነው። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «ሁሉም በአዳራሹ ግራ በኩል፣ ከቢጫው መስመር ኋላ ይቁሙ። የያዙትን ዕቃ በቀኝ እጃቸው ብቻ ይያዙ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ጌታዬ፣ በቀኝ እጅ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?»

«ከላይ ነው የተባለው።»

«እሱማ ይሁን፣ ግን ወንበሮቹ እኮ በሙሉ ያሉት በቀኝ በኩል ነው...»

«እትዬ፣ ከላይ ነው አልኩዎት እኮ።»

እንደ ልማዷ «እሺ» አለች። ማይክሮፎኑን ከፈተች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ አነበበችው።

ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የአዳራሹ ቀኝ በኩል ተጠርጎ እንደወጣ ባዶ ሆነ። መቶ የሚሆኑ ወንበሮች ያለ ሰው ቀሩ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በግራ በኩል ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ቆመ። ዕቃ ሁሉ ወደ ቀኝ እጅ ዞረ። አንድ ረጅም ሰውዬ ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎቹን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ሊወድቅ እንደደረሰ አጥር ወደ አንድ ጎን ዘመመ። በቀኟ ልጅ ታቅፋ የነበረች እናት ለቦርሳዋ ስትል ልጇን ወደ ግራ አዛወረችው፤ ልጁም ቦታው ስላልተመቸው አዳራሹን በለቅሶ ሞላው። ጣሪያዋን ከወንበሯ ያስነሷት ግን አንድ ሽማግሌ ናቸው። ቀኝ እጃቸው በጀሶ ታሽጎ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ቦርሳቸውን በግራቸው አነሱ፣ ወደ ጣሪያው ቀና አሉ፣ ከጀሶው ብቅ ያሉት ጣቶቻቸው ላይ ሊያንጠለጥሉት ሞከሩ። ወደቀ። አነሱት። እንደገና ወደቀ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያጎነብሱ እሷ ደረጃውን እየወረደች ነበር።

ታች ማንም አላወቃትም። መጀመሪያ ወደ ረጅሙ ሰውዬ ሄደች።

«ወንድሜ፣ ሁለቱንም ሻንጣ በአንድ እጅ ለምን ያዙት?»

«ተባለ።»

«ማን አለ?»

«ተባለ ነው የምልሽ፣ እህቴ።»

እናትየዋን ጠየቀች። «ለሕፃናቱ ደህንነት ይሆናላ» አለች፣ ልጇ ጆሮዋ ሥር እየጮኸ። አጠገቧ የቆመው መነጽራም ተማሪ ነገሩን ጨርሶ አውቆት ነበር፦ «አዲስ መፈተሻ ማሽን ተክለዋል፤ የሚያነበው በቀኝ በኩል ብቻ ነው» አለ። ጣሪያዋ ገረማት። ምክንያቱን ያልነገረቻቸው ሰዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ምክንያት ሠርተውላታል።

በመጨረሻ ሽማግሌው ዘንድ ደረሰች።

«አባባ፣ እጅዎ እንዲህ ሆኖ ለምን ይሰቃያሉ? በግራዎ ይያዙት እንጂ።»

«አልሰማሽም እንዴ ልጄ? ከላይ ነው የተባለው» አሉና ከጀሶው ብቅ ባለችው ጣታቸው ወደ ጣሪያው አመለከቱ።

ቀና ብላ አየች። ግራጫው ድምፅ ማጉያ ቁልቁል ይመለከታታል። ለካ እነሱ «ከላይ» የሚሉት እሷን ኖሯል! ሳቋ መጣና አፏን በእጇ ያዘች።

«አባባ፣ ከላይ ያለችው እኮ እኔ ነኝ።»

ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት። «አንቺ? አንቺማ ይኸው ታች ነሽ!»

«እውነቴን ነው። ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምነው እንዲህ አልሽን?»

«እኔም ከላይ ተብዬ ነዋ።»

«ካንቺም በላይ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ቶሎ ውጪና ጠይቂልኝ፤ እጄ እየጠዘጠዘኝ ነው።»

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ተገናኙ። የወረቀት ቦርሳውን በቀኝ እጁ ይዟል፤ አያያዙ የተዋሰው ዕቃ ያስመስለዋል።

«ጌታዬ ግራኝ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ። ግን ‹ሁሉም› ነው የሚለው» አለ፣ ትንሽ አፍሮ።

«ላኪዎቹን እንጠይቃቸው» አለች። እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ሲወጣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዋ ነው፤ ድምጿም ያ የማይክሮፎኑ ድምፅ ሆኖ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ሳያስበው ስልኩን አነሳ።

በዋናው መሥሪያ ቤት ስልኩን ያነሳው ጸሐፊ «ከላይ ነው» አለ። የእሱ አለቃም «ከላይ ነው» አለ። ከሁሉም በላይ ያሉት ሰውዬ ግን «የምን ቀኝ እጅ?» ብለው ጠየቁና መስመሩን ደብዳቤውን በታይፕ ወደ ጻፈችው ሴት አዞሩት። ሴትዮዋ ወረቀት ስታገላብጥ ቆይታ እዬዬ አለች፦

«ውይ በሞትኩት! እሱ እኮ ለወለል አጣቢዎቹ የተጻፈ ነው! የማጠቢያ ማሽኑ ገመድ ከሰውነታቸው በግራ በኩል ስለሚያልፍ ባልዲውን በቀኝ እንዲይዙ። ቀኝ በኩሉን ማሽኑ እስኪጨርስ ድረስ ሁሉም በግራ ይቆያሉ ነው። የመጀመሪያው ገጽ እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቷል!»

ሁለቱም ወረቀቱን ጎንበስ ብለው አዩ። ጥጉ ላይ፣ ከማኅተሙ ከፍ ብሎ፣ «ገጽ 2» ይላል። ሥራ አስኪያጁ ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅስ መስሏት ደነገጠች፤ ለካ እየሳቀ ነው። ሆዱን ይዞ እንባው እስኪፈስ ሳቀና ቦርሳውን ወደ ግራ እጁ መልሶ «እፎይ!» አለ።

ጣሪያዋ ወደ ክፍሏ ሮጠች። «የተከበራችሁ መንገደኞች፣ ቅድም የተነገረው ስህተት ነው። ምክንያቱን ሳልጠይቅ ያነበብኩት እኔ ነኝና ይቅርታ አድርጉልኝ። በፈለጋችሁት ቦታ ተቀመጡ፤ ዕቃችሁን በፈለጋችሁት እጅ ያዙ።»

ማንም ንቅንቅ አላለም። ሁሉም ወደ ጣሪያው አንጋጦ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ረጅሙ ሰውዬ እንደዘመመ ከመስኮቷ ሥር መጣና ጮኸ፦ «እህቴ! የምንፈልገው በየትኛው እጅ ነው?»

ማይክሮፎኑን አልዘጋችውም ነበር። ሳቋ በአሥራ ሁለቱም ድምፅ ማጉያ ወጣ። ሕዝቡ ጣሪያ ሲስቅ ሰምቶ ስለማያውቅ እርስ በርሱ ተያየ። ያኔ ሽማግሌው የቦርሳቸውን ማንገቻ አንገታቸው ላይ አጠለቁ፣ ቢጫውን መስመር ተሻገሩ፣ ባዶውን አዳራሽ ብቻቸውን አቋርጠው መሐል ወንበር ላይ ተቀመጡና እግራቸውን ዘረጉ።

«ምንም አይልም! ኑ!» አሉ።

እናትየዋ ተከተለች። ተማሪው ተከተለ። ከዚያ በኋላ ማን እንደቀደመ አልታወቀም፤ አዳራሹ በሳቅና በወንበር ጩኸት ተናወጠ። ረጅሙ ሰውዬ ሻንጣዎቹን አስቀምጦ መዳፉን እያሸ ስለዚያ መፈተሻ ማሽን በተማሪው ላይ ይቀልድ ጀመር።

ማታ ቤት ስትተርከው አማቷ «እስቲ ድገሚው» እያሉ ሦስት ጊዜ አስደገሟት። ባሏ ግን ቀና ብሎ «አንቺስ ለምን መጀመሪያውኑ አልጠየቅሽም?» አላት።

አሰብ አደረገች። «ማኅተም ነበረበታ። ደግሞ... ከኔ በፊት የሆነ ሰው አስቦበታል ብዬ ነው። እነሱም እኔ ያሰብኩበት መስሏቸው ነው። ለካ ማናችንም አላሰብንበትም።»

ከዚያ ወዲህ ምክንያቱን ሳትጨምር ምንም አታነብም። «በር ሦስት ተዘግቷል፤ መስታወቱ ስለተሰበረ ነው» ትላለች። «አውቶቡሱ ይዘገያል፤ ጎማ እየቀየሩለት ነው።» መጀመሪያ ሥራ አስኪያጁ ጥያቄ በዛ ብሎ አጉረመረመ። በኋላ እሱም ወረቀቱ ላይ «ምክንያት» የምትል መስመር ጨመረ፤ መስመሯን የሚሞላበት ሲያጣ ወረቀቱን ራሱ ይቀድደዋል። አንድ ቀን «ምክንያት፦ አላውቅም፣ እየጠየቅኩ ነው» ብሎ ቢልክላት ልክ እንደተጻፈው አነበበችው፤ አዳራሹም አጨበጨበለት።

የዕረፍት ወሯ ሲደርስ የሚተካት አንድ አንጋፋ ትኬት ቆራጭ ነበር። ማይክሮፎኑን ከማስነካቷ በፊት ከባድ ሻንጣ አስይዛ አንድ ሰዓት ሙሉ ታች አዳራሹ ውስጥ አቆመችው። «እግሬ አለቀ!» ሲል ሻይ ገዛችለት፤ ሻንጣውን ግን አልተቀበለችውም። በማግስቱ እሷ አጠገቡ ሆና የመጀመሪያ ማስታወቂያውን ሲያነብ መጨረሻው ላይ ያልታዘዘውን ጨመረ፦ «ጥያቄ ያለው ይምጣ፣ መስኮቱ ክፍት ነው።» ወዲያው ከመስኮቱ ሥር ረጅም ሰልፍ ተሠራ፤ ሁለቱም ጎንበስ ብለው ለመስማት ተዘጋጁ። ከፊት የቆሙት እናት የጠየቁት ግን መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ነበር።