ጋሽ አፍንጫ ያላሸተተው ውስኪ

ከከተማው ጫፍ የነበረው የውስኪ ፋብሪካ ከተዘጋ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የፋብሪካው ቀማሽ ግን በሰፈሩ እስከ ዛሬ «ጋሽ አፍንጫ» እንደተባለ አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በበርሜሎቹ መሃል እየተመላለሰ፣ ከእያንዳንዱ ጠብታ ቀድቶ እያሸተተ፣ «ይኼ ደርሷል፤ ይኼኛው ገና ይተኛ» ሲል የኖረ ሰው ነው። እሱን ጉንፋን ከያዘው ፋብሪካው በሙሉ ያስነጥሳል ይባል ነበር። ውስኪው በእንጨቱ እየተነነ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ሲጎድል፣ ከበርሜሎቹ ጋር ብቻውን የሚያንጎራጉራት ነገር ነበረችው፦

ማንም ሳይቀዳለት በርሜሉ ጎደለ፣
እኔንም ዘመኑ ጠጣኝ ቀስ እያለ።

ባለፈው ክረምት የያዘው ጉንፋን ሲለቀው አፍንጫውን ይዞበት ሄደ። ሽታ የሚባል ነገር ከዓለም ጠፋ። ለማን ይናገር? ለዳቦ ጋጋሪዋ ልጁ እንኳ ትንፍሽ አላለም። ትኩስ ዳቦ ይዛለት ስትመጣ «እንዴት ያውዳል!» ይላታል፤ ከዚያ እንደ ጥጥ ያላምጠዋል። አንድ ቀን ወተት ከኋላው ገንፍሎ፣ አርሮ፣ ቤቱን ጭስ ሲያደርገው ደርሳ ብትጮህበት፣ «አንቺ ቶሎ ትደርሺ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» ብሎ አላገጠ።

አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ፀሐይዋ በመጋረጃው አልፋ ጠረጴዛው ላይ ስታንቀላፋ፣ አባትና ልጅ ቁጭ ብለው ሳለ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ መጣ። የፋብሪካው መጋዘን ኃላፊ የነበረው የሟች ጓደኛው ልጅ ነው። ብብቱ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ጠርሙስ ይዟል፤ ላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ብል በልቶታል።

«ጋሼ፣ ከአባቴ ሣጥን ውስጥ ያገኘሁት ነው። ሊሞት ሲል 'ምን እንደሆነ ጋሽ አፍንጫ ይነግርሃል' ብሎኝ ነበር።»

«አንተ ለምን አትጠጣውም? ጉሮሮ የለህም?»

«ጉሮሮማ ሞልቶኛል፤ አፍንጫው ነው እርስዎ ጋ ያለው።»

የጋሽ አፍንጫ ልጅ ከት ብላ ሳቀች። ቡሹ ተነቀለ። ውስኪው የመሸበት ፀሐይ መስሎ ብርጭቆው ውስጥ ተኛ።

ሽማግሌው ብርጭቆውን አነሳ፤ እንደ ድሮው ዓይኑን ጨፈነ፤ ሳበ። ባዶ ቤት። ደግሞ አንኳኳ፤ የሚከፍት የለም። ተጎነጨ፤ እሳት ብቻ። ጭስ ነው፣ ማር ነው ቢል ማን ያውቅበታል? ዓይኑን ሲገልጥ ግን ልብስ ሰፊው ከአባቱ ደብዳቤ እንደሚጠብቅ ልጅ አንገቱን አስግጎ አየው። በሟች አደራ ላይ ለመዋሸት ምላሱ እምቢ አለው።

«አይሸተኝም» አለ። «ከክረምት ጀምሮ ምንም አይሸተኝም።»

ልጅቷ ሳቋን ዋጠች። «አባዬ! ታዲያ ይኼን ሁሉ ወር ዳቦዬን 'እንዴት ያውዳል' ስትለኝ…»

«ታሳዝኚኛለሽ፣ እናቴ። ምን ልበል?»

«እውነቱን! አፍንጫ ቢጠፋ አፍ አለ አይደል?» ብርጭቆውን ከእጁ ነጥቃ በንዴት አሸተተች። ንዴቷ ግን መንገድ ላይ ቀረ። «…እንዴ።»

«ምንድነው? ንገሪኛ!»

«ጭስ። የጠፋ ምድጃ ጭስ። ቆይ… ብርቱካን፣ ልጣጩ። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ የራሰ ገመድ፣ ጭቃ የነካው ብርድ ልብስ። ወንዝ ዳር የተሰጣ ዓይነት።»

ሽማግሌው ወንበሩን ጨብጦ ብድግ አለ። «ጎርፉ! ወንዙ መጋዘኑን የሞላው ዓመት ነው! በርሜሎቹ ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ ቆሙ። ከዳኑት አንዱ ነው ይኼ።» ወደ ልብስ ሰፊው ዞረ። «ያዳነው አባትህ ነው፤ ዋና እንኳ አይችልም ነበር! በርሜሉን እንደ ሙሽራ አቅፎ፣ ወንዙን በእናቱ እየተሳደበ፣ እስከ ደረቱ ገብቶ ጎተተው።»

«አባቴ? ያ ዝምተኛ ሰው?» ልብስ ሰፊው እየሳቀ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ለሦስቱም ቀዳ።

ጋሽ አፍንጫ ተጎነጨ። አሁንም እሳት ብቻ ነው። ግን ብርጭቆውን አላስቀመጠም፤ ወንበሩን ወደ ልጁ አስጠግቶ ተቀመጠ።

«በይ እስቲ ደግመሽ አሽትቺው» አላት። «ቀስ ብለሽ። ከብርቱካኑ ጀምሪ።»