አያቴ ለብስኩቷ ሴትዮ የሚሰጡት መልስ

ከደርግ ሸሽተን ገዳሪፍ የገባነው እኔና አያቴ ብቻ ነበርን። ማታ ማታ ከመተማ የመጣ አንድ ባለሱቅ ቴሌቪዥኑን ደጅ ያወጣልናል። እኛ ስደተኞቹ መሬት ላይ እንቀመጣለን፤ ለአያቴ በርጩማ ይቀርብላቸዋል።

ከዜናው በፊት የብስኩት ማስታወቂያ ይመጣል። አንዲት ሴት ሳህኗን ወደኛ ዘርግታ፣ ሱዳኖች እንግዳ ሲጋብዙ እንደሚሉት፣ «ተፈደሉ!» ትላለች። አያቴ ከበርጩማቸው ብድግ ብለው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «ይባረክ! እኛስ በልተን ነው የመጣነው» ይሏታል። ሰዉ ይስቃል።

«አባባ፣ እሷ እኮ አታየንም።»

«ባታየንስ? የጋበዘ ሰው ዝም ይባላል?»

በልተን መጥተን ግን አናውቅም።

የታመሙ ጊዜ ያንኑ ብስኩት ለምኜ አመጣሁላቸው። በውሃ አርሼ ወደ አፋቸው ሳስጠጋው እጄን በቀስታ መለሱት።

«አንቺ ብዪ ልጄ፤ እኔስ በልቼ ነው።»

እህል ካፋቸው ከገባ ሦስት ቀን ሆኗቸው ነበር። ብስኩቱን እኔ በላሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ርቦኝ ነበር። በማግስቱ ቀበርናቸው።

አርባቸው ሳይወጣ ወደ ሱቁ ሄድኩ። በርጩማቸው እንደነበረ አለ፤ ማንም አልተቀመጠበትም። ሴትዮዋ መጣች፤ ሳህኗን ዘረጋች፤ «ተፈደሉ!» አለች። ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ስለ እሳቸው እኔ ልመልስላት ብዬ ተነሳሁ። «ይባረክ!» አልኩ። «በልተን ነው» የሚለውን ግን ተውኩት።

«አልበላንም» አልኳት።