መጀመሪያ እናቲቱ

ልጆች ሲያዩኝ ያለቅሳሉ። አልፈርድባቸውም፤ ክትባት ሰጪ ነኝ። ከጠረጴዛዬ ትንሽ ፈንጠር ብላ ደግሞ ልጆች የሚስቁላት ሴት ትቀመጣለች። አንድ ክፍል ተካፍለን ስንሠራ ጸጉራችን አብሮ ሸበተ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ሁሉም "ሲስተር ቀስ በይ" ነው የሚሏት። ነፍሰ ጡር ደረጃ ስትወጣ፣ አራስ ከወንበር ስትነሳ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ስታነሳ፣ ሁሉንም "ቀስ በይ" ትላለች። እኔን "አንተ ወጊ" ነው የምትለኝ። ሌላ ሰው ቢለኝ እንጣላ ነበር።

ሥራዋ እናቶችን መምከር ነው። ጠዋት ጠዋት ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ከተደረደሩት እናቶች ፊት ቆማ፣ ከጨርቅ የተሰፋ አሻንጉሊት ታቅፋ ታስተምራለች። የአሻንጉሊቱ አንድ እጅ ተገንጥሎ በሌላ ቀለም ጨርቅ ተቀጥሏል። አልቅሶ ስለማያውቅ እናቶቹ "አቶ ዝምታ" የሚል ስም አውጥተውለታል። "ይሄ ልጅ ስንት ዘመኑ ነው? ጥርስ እንኳ አያበቅልም እንዴ?" የሚል አይጠፋም። እሷም "ጡት የሚያስጥለው አጥቶ ነው፤ ምን ያድርግ?" ትልና ትቀጥላለች። አፉን በደንብ እስኪከፍት ጠብቂው። ጫፉን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ያለውንም ጠቆር ያለ ክፍል ይጉረስ፤ አገጩ ጡትሽን ይንካ። እስከ ስድስት ወር ድረስ ውኃም ቢሆን አትስጪው። እትብቱን ምንም አትቀቢው፤ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። አልጠባም ካለ፣ ካተኮሰው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ነገ አትበይ፤ ዛሬውኑ ይዘሽው ነይ። አንቺም ደም ከበዛብሽ፣ ራስሽን ክፉኛ ካመመሽ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለ ዝም ብለሽ አትተኚ። ሆድ ብሶሽ ሆድ ብሶሽ ሁለት ሳምንት ካለፈሽም ነይ፤ እሱም ሕመም ነው።

እኔ ይህን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ብትታመም ቆሜ ላስተምርላት እችላለሁ። የማልችለው ደንቧን ነው።

አንድ ቀን አንዲት አራስ ከአማቷና ከሁለት አክስቶቿ ጋር መጣች። ሦስቱ ሴቶች ሕፃኑን ይዘው ጠረጴዛው ላይ ሊወጡ ምንም አልቀራቸው። "ሲስተር፣ እስቲ ይዩት፣ እንዴት ከሳ!" ይላሉ። አራሷ ከኋላ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ሲስተር ሕፃኑን ዞር ብላም አላየችው። ወንበር ሳበችና "ነይ፣ ቁጭ በይ" አለቻት። "አንቺስ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ምግብ ይበላልሻል?" ልጅቷ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ፊቷ በእንባ ታጠበ። አማቲቱ "እኛ እኮ ለልጁ ነው የመጣነው" ቢሉ፣ "ልጁ የት ይሄዳል እማማ? መጀመሪያ እናቲቱ" አለቻቸው። ወረፋው እስከ በሩ ቢደርስ፣ እኔ መርፌ ይዤ ብነጫነጭ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ደንቧን ስታፈርስ በዓይኔ አይቻት አላውቅም።

አንድ ጊዜ የጋዝ ሲሊንደሯን ተሸክሜላት ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ከኋላዬ "ቀስ በል" እያለች ትስቃለች። በሩ ጋ ስንደርስ ከውስጥ ሰው ሲያወራ ሰማሁ።

"እንግዳ አለሽ እንዴ?"

"ማን ይመጣል ብለህ? ሬዲዮው ነው። ስመለስ ቤቱ ጭር እንዳይልብኝ ከፍቼው ነው የምወጣው።"

አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ የታጠበ ነጭ ጋውን። ወንበሩን ለእኔ ሰጥታ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ "ሲስተር፣ ሲስተር" ስትባል የምትውል ሴት ማታ ከሬዲዮ ጋር ብቻዋን እንደምትሆን ገባኝ። በሳቅ ላልፈው ብዬ "ሬዲዮው ቢያንስ አይጨቀጭቅሽም" አልኳት። ደግ ሰው ናትና ሳቀችልኝ።

አንዲት ልጅ አለቻት። የልጅቷ አባት የሞተው ገና ዳዴ ሳትል ነው። እኔ "ትንሿ" እላት ነበር፤ ያደገችው እዚሁ አግዳሚ ወንበራችን ጫፍ ላይ ነው። ከትምህርት ቤት መጥታ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እናቷን ትጠብቃለች። "እማዬ፣ ጨረስኩ" ስትል እናቷ "ቆዪ አንዴ" ትላለች። "እማዬ፣ ራበኝ።" "ቆዪ አንዴ።" እናትየው ክፉ ሆና አይደለም፤ ወረፋ የሚባል ነገር ስለማያልቅ ነው። ትንሿ ቁጭ ብላ እናቷ የሰው እናቶችን አንድ በአንድ ስትጠይቅ እያዳመጠች አደገች።

አድጋ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር አገባችና ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ቤት ተከራዩ። የሲስተር ሬዲዮ መከፈት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ማርገዟ ሲሰማ ሲስተር በደስታ የምትሆነውን አጣች። በምሳ ሰዓት ቢጫ ኮፍያ ትሠራለች፤ ትሠራና ትፈታዋለች፣ እንደገና ትሠራዋለች። "ያ ልጅ ኮፍያው ሳያልቅ ጢም ያወጣል" ብላት በክር ኳሱ ወረወረችኝ። ያን ሰሞን ሬዲዮውን ዘግታ ነው የምትወጣው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ትንሿ ወንድ ልጅ ወለደች። ሲስተር የዓመት ፈቃዷን ጠቅልላ ወስዳ ልጇ ቤት ገባች። ሦስት ቀን ሳይሞላ፣ ነጭ ጋውኗን ለብሳ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀምጣ አገኘኋት።

"ምነው? ሰላም ነው?"

"ሰላም ነው።"

ሰላም እንዳልሆነ ፊቷ ይናገራል። እጃችንን ስንታጠብ፣ ቧንቧውን ሳትዘጋ፣ ነገረችኝ።

"እንደገባሁ ቦርሳዬን አስቀመጥኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ቀጥታ ወደ ልጁ ሄድኩ። መጠቅለያውን ፈታሁት። እትብቱን አየሁ። ጡጦ ውስጥ ውኃ አገኘሁ፤ ደፋሁት። 'ማነው ይሄን የሰጠው?' አልኩ። ተቆጣሁ መሰለኝ። ስታጠባው አያያዟን አስተካከልኩ። ትላንት ስንት ጊዜ ጠባ፣ ስንት ጊዜ ሸና እያልኩ እጠይቃለሁ። ሁለት ቀን እንዲህ ነው የዋልኩት። ከዚያ 'እማዬ፣ እኔም እኮ አለሁ' አለችኝ።"

"አንቺስ ምን አልሻት?"

ቧንቧውን ዘጋችው። "ቆዪ አንዴ አልኳት። ልጁን እያየሁ ነበር። 'ሂጂልኝ' አለችኝ። የሰው እናት ሁሉ ስጠይቅ ኖሬ የራሴን ልጅ አልጠየቅኳትም።"

"አራስ ሆድ ይብሳታል፣ ይበርድላታል" አልኳት። አልበረደላትም። ሲስተር ስልክ ብትደውል ትንሿ አታነሳም። ሰንበትበት ብሎ ሹፌሩ ወደ ጤና ጣቢያው ደወለ። ሲስተር ስልኩን ይዛ ቆማ "እሺ፣ እሺ" ስትል ከንፈሯ ነጣ። ልጅቷ አትበላም፣ አትተኛም፤ ልጁን አጥብታ ወዲያው ለሰው ትሰጠዋለች፤ ግድግዳ እያየች ትውላለች። ሐኪም ጋ እንሂድ ሲላት አሻፈረኝ ትላለች። ይህ ምን እንደሆነና ሰው ካልደረሰለት የት እንደሚያደርስ ከሲስተር በላይ የሚያውቅ የለም። ልጇ ከእጇ ልትወጣ ነው፤ እሷ ደግሞ በሩ ተዘግቶባታል።

በማግስቱ ከሥራ ወጥታ ሄደች። በሩን አንኳኳች። ከውስጥ "ልጁ ደህና ነው" የሚል ድምፅ መጣ።

"ለልጁ አይደለም የመጣሁት" አለች ሲስተር ለበሩ። ትንሿ ግን ያን ጊዜ ከበሩ ርቃለች። ሲስተር የያዘችውን ሾርባ ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። ሹፌሩ በሌላ ቀን ሳህኑን ይዞልን መጣ፤ ሾርባውን የበላው እሱ ነው። ዓይኑን ሰብሮ "እማማ፣ ይቅርታ" አላት። እኔ ደሜ ፈላ። "ሂጂና በሩን ስበሪው! እናት አይደለሽም እንዴ?" አልኳት።

"ሰብሬ ገብቼ ምን ልጠይቃት?" አለችኝ። ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞረች። "ብቻዋን አትተዋት። አንተ ሥራ ስትሄድ እህትህ ትምጣ። አትቆጣት፣ ጠንከር በይም አትበላት። ክትባቱ ደርሷል፤ የትም ይሁን፣ ራሷ ይዛው እንድትሄድ ለምናት። የሄደችበትን ጤና ጣቢያ ነርስ እኔ አነጋግራለሁ።"

የክትባት ቀን ክፍላችን ገበያ ነው። ሲስተር አቶ ዝምታን አቅፋ ስለ እትብት ስትናገር መሃል ላይ አንዱን ቃል ሁለቴ ደገመችው። ቀና ስል ትንሿ በሩ ላይ ቆማለች። ልጁን አቅፋለች፤ ልጁ ቢጫውን ኮፍያ አድርጓል። ቤታቸው አጠገብ ጤና ጣቢያ እያለ ሁለት አውቶቡስ ይዛ እዚህ መጥታለች። እናቷን ሰላም አላለችም። እንደ ማንኛዋም እናት ወረፋ ያዘችና አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ፣ ድሮ ደብተሯን የምትዘረጋበት ቦታ ተቀመጠች። ሲስተር ትምህርቱን ጨረሰች፤ ምን እንዳለች ግን እሷም የምታውቅ አይመስለኝም።

ተራዋ ደረሰ። ትንሿ ተቀመጠችና ልጁን በሁለት እጇ ወደ እናቷ ዘረጋችው። ሲስተር የልጅ ልጇን ከሦስተኛ ቀኑ ወዲህ አላየችውም። እጇ ተነሳ፤ አየሁት። ከዚያ መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"እሱን ለዚያ ለወጊው ስጪው" አለች። "መጀመሪያ አንቺ። እንዴት ነሽ?"

ልጁን ተቀበልኩ። ይገርማል፣ ሳያለቅስ አየኝ። ትንሿ "ሲስተር" አለች።

ሰምቼ ማመን አቃተኝ። ይቺ ልጅ እዚህ ክፍል ውስጥ "እማዬ" ስትል ነው ያደገችው። ሲስተር ግን ዓይኗን አላርገበገበችም።

"አቤት።"

"ልጅ ሆኜ እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እርስዎ ሰው ሲጠይቁ እሰማ ነበር። ሌላ የምነግረው ሰው ስላጣሁ ነው የመጣሁት።"

"ንገሪኝ። እንቅልፍ ይወስድሻል?"

"አይወስደኝም። ልጄን ሳየው ምንም አይሰማኝም፤ የሌላ ሰው ልጅ የያዝኩ ነው የሚመስለኝ።"

"ራስሽን ወይም እሱን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል?"

"የመስኮቱን ቁልፍ ባለቤቴ እንዲደብቀው ሰጥቼዋለሁ፣ ሲስተር።"

ከጠረጴዛው በታች ሲስተር የጋውኗን ጫፍ ጨምድዳ ይዛለች። ድምፅዋ ግን ያው ነው። "ቁልፉን መስጠትሽ ትልቅ ነገር ነው። ይሄ ሕመም ነው። ስንፍናም ክፋትም አይደለም፤ ይታከማል፣ ይድናል። አሁን አብረን ሐኪሙ ጋ እንሄዳለን። ቤት ውስጥ ማን ያግዝሻል?"

"ባለቤቴና እህቱ።"

ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ አንዷንም ሳትጠይቅ አልፋ አታውቅም። እባክሽ ዝለዪው አልኩ በልቤ። አልዘለለችውም።

"እናት አለሽ?"

"አለች" አለች ትንሿ። "ሥራ ይበዛባታል።"

ሲስተር ተነሳች። "ቀስ በይ" አለቻትና ክንዷን ይዛ በኮሪደሩ ወደ ሐኪሙ ወሰደቻት። ወረፋው ጠበቀ። እኔም ልጁን እንደታቀፍኩ ጠበቅኩ።

ከዚያ ወዲያ ትንሿ ሐሙስ ሐሙስ ትመጣ ጀመር። መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ፣ ቀጥሎ እኛ ክፍል። መድኃኒቷን ትወስዳለች፤ ትናገራለች፤ ሲስተር ትሰማለች። ሲስተር ሐሙስ ጠዋት ከጽዳት ሠራተኛዋ ቀድማ ትገባና ወንበሯን ራሷ ትወለውላለች። "እናትሽ ነኝ በያት እንጂ! እስከ መቼ ነው እንደ ባዳ የምትጠያየቁት?" ብዬ ጮህኩባት አንድ ቀን። "አንተ ወጊ፣ እየተሻላት ነው፤ ዝም በል" አለችኝ። እውነቷን ነው። ትንሿ ፊቷ መለስ አለ። አንገቷን ቀና አድርጋ መግባት ጀመረች፤ ልጇን ሲያስነጥሰው ስታይ ሳቀች። ሐሙስ ካለፈ በኋላ ግን ሲስተር ምሳዋን ግድግዳ እያየች ነበር የምትበላው።

አንድ ሐሙስ ሐኪሙ ሕክምናዋን ጨርሻለሁ አለ። ሌላ እናት ብትሆን ክፍሉ በደስታ ይሞላ ነበር። ይህን የሚነግራት ሲስተር ናት፤ ሥራዋ ነው።

"ድነሻል" አለቻት። "ከእንግዲህ መምጣት አያስፈልግሽም። የከፋሽ ዕለት ብቻ ነይ።"

"አመሰግናለሁ ሲስተር" አለች ትንሿ። ልጇን አቀፈች፣ ቦርሳዋን አነገተች፣ ወጣች። ሲስተር የሚቀጥለውን ተራ አልጠራችም። ባዶውን ወንበር ታያለች። እኔ መርፌ እያዘጋጀሁ ነው ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋት፤ የማዘጋጀው መርፌ አልነበረም።

በሩ እንደገና ተከፈተ። ትንሿ ነች። ወረፋውን አልፋ መጣችና ልጁን፣ ምንም ሳትለኝ፣ ክንዴ ላይ አስቀመጠችው። ወንበሩን ወደ እናቷ አስጠግታ ተቀመጠች።

"አንቺስ?" አለቻት። "እንቅልፍ ይወስድሻል?"

ሲስተር "ደህና ነኝ" ልትል ከንፈሯን አላወሰች፤ ሃያ ጊዜ ሲጠይቋት ሃያ ጊዜ የምትለው እሱን ነው። ከዚያ ተወችው።

"አይወስደኝም" አለች።